የሬዲዮ ጫጫታ እንዴት ይገራል? ጆሮ ሳይደክም ለመስማት

ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣራ ስር ያደረ ሰው ይህን ያውቃል። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ጣራውን ሲደበድብ ያድራል። ድምፁ ትልቅ ነው፤ ግን እንቅልፍ ይወስዳል፣ እንዲያውም ደስ ይላል። ጣራው አንድ ቦታ አፍስሶ ከታች የተቀመጠው ሳፋ ላይ ጠብ... ጠብ... ማለት ከጀመረ ግን አለቀ። ያቺ ጠብታ ከዝናቡ ጋር ስትነጻጸር ድምፅ አላት አይባልም። ዓይን ግን አታስከድንም።

አማተር ሬዲዮ ላይም፣ ማለትም ሰዎች ለፍቅሩ ብለው ከሩቅ በአየር ላይ በሚያወሩበት ሬዲዮ ላይ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ብዙ ጀማሪ የሚሰማውን ጥንካሬ በ«ኤስ» ቁጥር የሚያሳየውን ሜትር እያየ «የኔ ጫጫታ ኤስ 5 ነው፣ ያንተስ?» ይላል። እኔ ደግሞ ስንት ነው ከማለታችሁ በፊት ምን ዓይነት ነው በሉ እላለሁ። ኤስ 5 የሆነ ለስላሳ «ሽሽሽ» ውስጥ ሦስት ሰዓት ቁጭ ብሎ ሰው መስማት ይቻላል። ኤስ 3 ላይ ያለ የሚነዝር «ዝዝዝ» ግን በሃያ ደቂቃ ራስ ምታት ያመጣል። ጆሮ ወጥ የሆነ ድምፅን ቶሎ ይለምዳል፤ የሚቆራረጥ፣ የሚያፏጭ ወይም ድንገት የሚጮህ ድምፅን ግን አይለምድም፣ በመጣ ቁጥር «ምንድን ነው?» ብሎ ይነቃል። ድካሙ የሚመጣው ከዚያ ነው።

የምጽፈው ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ነው። እዚህ የሠራሁትንና ያዋጣኝን በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። በአየር ላይ ለመናገር ፈቃድና የጥሪ ምልክት ያስፈልጋል፤ የአገራችን ምልክት በ«ኢቲ» ይጀምራል፣ አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያም ኢቲ3ኤኤ ነው። ይህ መመሪያ ግን ስለ መስማት ብቻ ነው። የሚያስፈልጋችሁ ነጠላ ጎን ድምፅ፣ ማለትም ኤስኤስቢ የሚቀበል ሬዲዮ፣ አንድ 12 ቮልት ባትሪ፣ ጆሮ ላይ የሚገጠም ማዳመጫ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ነው።

1. ጫጫታውን ስም አውጡለት

ምንም ቁልፍ ሳትነኩ አሥር ደቂቃ ስሙ። ጣቢያ የሌለበት ባዶ ቦታ ላይ አድርጉትና የምትሰሙትን በራሳችሁ አፍ እንደሚመጣላችሁ ጻፉ። ሰዓቱንም ጻፉ። የዓለሙን የሬዲዮ ሰዓት፣ ዩቲሲ የሚባለውን ከፈለጋችሁ ለኛ በጣም ቀላል ነው፤ በሐበሻ ሰዓት ላይ 3 መጨመር ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ዩቲሲ 12 ነው። ማታ ላይ መጀመሪያ 12 ደምሩ፣ ከዚያ 3።

«ሽሽሽ» የሚለው ለስላሳው ድምፅ ነው። ከሰማይም ከሬዲዮው ከራሱም ይመጣል። ይህ የጣራው ዝናብ ነው፤ ጠላት አታድርጉት።

«ጧ! ጠሽ!» የሚለው መብረቅ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የሚሰማው የራሳችን ሰማይ ነው፣ ስለታም ነው። በሌላው ወራትም ማታ ማታ ዝቅ ባሉት ባንዶች (የሞገድ ክልሎች) ላይ፣ በ3.5 እና በ7 ሜጋኸርዝ፣ ከሩቅ የሚመጣ አለ፤ የኮንጎ ተፋሰስ በዓለም ላይ መብረቅ እጅግ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነውና ድምፁ በሌሊት እዚህ ድረስ ይደርሳል። የሩቁ ሲመጣ ጠርዙ ተሟሽሾ «ሽርርር» ይላል እንጂ እንደ ቅርቡ ጆሮ አይመታም።

«ዝዝዝ» የሚለው ወፍራም ንዝረት የመብራት መስመር ነው። የአገራችን መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስና በሁለቱም ጫፍ ብልጭታ ስለሚፈጠር ጫጫታው በሴኮንድ 100 ጊዜ ይመታል። አብዛኛውን ጊዜ የላላ ነገር ወይም የተሰነጠቀ ሲኒ፣ ሽቦውን የሚይዘው ማለቴ ነው፣ ምሰሶ ላይ ሲኖር ነው። አንዱ መለያው፣ በደረቅና በነፋሻማ ቀን ይብሳል፣ ዝናብ ሲዘንብ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። በኅዳርና በታኅሣሥ የደጋው ደረቅ ነፋስ ሲነሳ እኔ ዘንድ ይህ ነው የሚነግሠው።

ከዚያ ፉጨት አለ። ባንዱን ስታዞሩ እዚህ አንድ ፉጨት፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ሌላ፣ እኩል እኩል እየተራራቀ ይቀጥላል፣ ሲሞቅም ቦታውን እየቀየረ ይንሸራተታል። ይህ የርካሽ ቻርጀር፣ የኤልኢዲ አምፖል ወይም የዲሽ ሪሲቨር ኃይል ማቀነባበሪያ ነው። ቀን ቀን ብቻ መጥቶ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚጠፋ ከሆነ የሶላር መቆጣጠሪያ ነው፤ ከከተማ ወጣ ያለ ሰው፣ መንዝም ሆነ ጅሩ፣ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ይህን ይሁን።

ባጃጅና ሞተር ሳይክል ሲያልፍ «ትትትት» ይላል፣ ያልፋል። ብረታ ብረት ቤት አጠገብ ከሆናችሁ ግራይንደሩን ታውቁታላችሁ።

2. ቤታችሁን አጥሩ

ሬዲዮውን በባትሪ አስነሱ። ከዚያ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋናውን ብሬከር ጣሉት። ጫጫታው ከወደቀ ሌባው ቤታችሁ ውስጥ ነው። ካልወደቀ ውጭ ነው። ይህች የአንድ ደቂቃ ሙከራ የወራት ግምት ታስቀራለች።

መብራት የሄደ ምሽት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ሰፈሩ በሙሉ ዝም ይላል። መጀመሪያ ጊዜ የገጠመኝ ቀን ሻማውን አብርቼ ሬዲዮዬን ከባትሪ ጋር ካገናኘሁት በኋላ የተበላሸ መሰለኝ፤ መርፌው ከ7 ወደ 2 ወርዷል፣ ድምፅ የለም። ከዚያ ከሥር ከሥር ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። እነዚያ ሰዎች ሁልጊዜም ነበሩ። ያልሰማኋቸው እኔ ነኝ። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ሻማ ከመፈለጋችሁ በፊት ሬዲዮውን ክፈቱ፣ ቤታችሁ በንጹሕ አየር ላይ ምን ያህል መስማት እንደሚችል ደብተራችሁ ላይ መዝግቡ። መለኪያችሁ ያ ነው።

ሌባው ቤት ውስጥ ከሆነ ብሬከሩን መልሱና ዕቃዎችን አንድ በአንድ ንቀሉ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ከሶኬቱ ንቀሉ። የእንጀራ ምጣድ ብዙ ይታማል፤ ብዙ ኃይል ስለሚበላ፣ ሲሰካም አምፖሉ ስለሚደበዝዝ። ምጣዱ ግን ሸክላ ውስጥ የተቀበረ ሽቦ ነው፣ ይሞቃል እንጂ አያፏጭም። ጥፋተኛው በአብዛኛው እጅ የምታህለዋ ቻርጀር ናት።

የኔ ደግሞ ቤቴ ውስጥ አልነበረችም። በግድግዳ የምንዋሰን እናት አሉ፤ ትንሿን ሬዲዮ ይዤ ግድግዳውን ስከተል ፉጨቱ ወደሳቸው በኩል እየጠነከረ ሄደ። በራቸውን አንኳኳሁ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይቺን ቻርጀር ለአንድ ደቂቃ ልንቀላት?»

«ንቀላት ልጄ፣ ምን አደረገችህ?»

«ሬዲዮዬ ላይ ታፏጫለች።»

«ስልኩ ሳይኖርባት ባዶዋን?»

«ባዶዋን።»

ነቀልኳት፣ በትንሿ ሬዲዮ ላይ ፉጨቱ ቀጥ አለ። እሳቸውም ሰሙት። በማግስቱ ደህና ቻርጀር ገዝቼ ወሰድኩላቸው፣ መርቀው ሸኙኝ። ጎረቤት ቤት ስትሄዱ ሬዲዮውን ይዛችሁ ሂዱ። ሰው በጆሮው ሲሰማ ያምናል፣ ያግዛልም።

ሊነቀል የማይችል ዕቃ ከሆነ ገመዱን በፌራይት ቀለበት ላይ ጠምጥሙት። ፌራይት ማለት በአሮጌ የኮምፒውተር ስክሪን ገመድ ላይ ያለው ጉብታ ውስጥ የሚገኘው ጥቁር ነገር ነው። አንድ ጊዜ ማሳለፍ ለአጭር ሞገድ ብዙም አይሠራም። መጠምጠሙ ነው ቁም ነገሩ፤ ጉልበቱ ከዙሩ ጋር በካሬ ነው የሚያድገው፣ 4 ዙር የ1 ዙርን 16 እጥፍ ያህል ይሰጣል። በተቻለ መጠን ወደ ዕቃው ጠጋ አድርጉት።

ሌባው የመንገድ ምሰሶ ከሆነ ግን ከታች ቆማችሁ የትኛው እንደሆነ በትንሽ ሬዲዮ ለዩ፣ ቁጥሩን ጻፉ፣ ለሚመለከተው ክፍል አመልክቱ። ምሰሶውን መምታት፣ መነቅነቅ፣ የታሰረበትን ሽቦ መሳብ ፈጽሞ አይሞከርም። ሰው ይሞታል።

3. አንቴናውን ንቀሉ፣ ከዚያ ጌይኑን ዝቅ አድርጉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ።

አንቴናውን ከሬዲዮው ጀርባ ንቀሉት። ጫጫታው በግልጽ ከወረደ የምትሰሙት ጫጫታ ከውጭ የሚመጣ ነው ማለት ነው። በ7 ሜጋኸርዝ ደህና ሽቦ ያለው ሰው ሁልጊዜ ይህን ያያል። እንዲህ ከሆነ የሬዲዮውን ስሜት ከፍ ማድረግ አንድም የሚጨምረው ነገር የለም፤ ጣቢያውንም ጫጫታውንም እኩል ነው የሚያነሳው። ፕሪአምፑን፣ ማለትም የሚገባውን ምልክት ቀድሞ የሚያጎላውን ክፍል፣ አጥፉት። አቴኑዌተር፣ ማለትም የሚገባውን የሚያዳክም ቁልፍ፣ ካለው 10 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የጥንካሬ ልዩነት መለኪያ) አስገቡ፣ ካስፈለገም 20። ጣቢያው ከጫጫታው ያለው ርቀት አይለወጥም፣ ጆሯችሁ ግን ያርፋል። ማታ ላይ ከ7.2 ሜጋኸርዝ በላይ ትልልቅ የዜና ጣቢያዎች ስላሉ እነሱም ሬዲዮውን እንዳያጨናንቁት ይረዳል።

አሁን አርኤፍ ጌይን የሚለውን፣ የሬዲዮውን ስሜት የሚቆጣጠረውን ቁልፍ ያዙ። ግራ እጅ እሱ ላይ፣ ቀኝ እጅ ድምፁ ላይ። ማታ 2 ሰዓት ገደማ ከአውሮፓ ወይም ከመካከለኛው ምሥራቅ የሚያወራ ሰው 7.1 አካባቢ ፈልጉ። ሰውየው ሲናገር መርፌው የት እንደሚደርስ ተመልከቱ፣ 7 ላይ ነው እንበል። አርኤፍ ጌይኑን ወደ ግራ በቀስታ ስታዞሩ መርፌው ብቻውን ከፍ ብሎ ይቆማል፤ 6 ወይም 7 አጠገብ ሲደርስ አቁሙ። ድምፁ ካነሰባችሁ በቀኝ እጃችሁ ጨምሩ። አሁን ሰውየው ትንፋሽ ሲወስድ ያለውን ክፍተት ስሙ። ቅድም ዝም ባለ ቁጥር ጫጫታው እንደ ጎርፍ ይሞላው ነበር፤ አሁን ክፍተቱ ክፍተት ሆኗል። ሰው ሲናገር ይሰማል፣ ዝም ሲል ዝም ይላል። ይህን ቁልፍ ቀኝ ጥግ ላይ አስቀምጦ ለዓመታት የረሳ ሰው ብዙ ነው፣ እኔም እንደዚያ ነበርኩ፤ ከሁሉ ነገር አንድ ብቻ ሞክሩ ብትሉኝ ይህን እላለሁ።

4. ኤጂሲውን ከጫጫታው ጋር አጋቡ

ከላይ ያለው ጎርፍ የሚመጣው በኤጂሲ ነው። ኤጂሲ ጠንካራ ድምፅ ሲመጣ ሬዲዮውን የሚያፍን፣ ደካማ ሲሆን የሚለቅ ክፍል ነው። ፈጣን ከሆነ በቃልና በቃል መካከል እንኳ ይለቃል፣ ጫጫታው እንደ ወናፍ ይነፋል ይከስማል። ይህ መንፋትና መክሰም ከጫጫታው መጠን በላይ ያደክማል።

እና ለስላሳ ሽሽታ ባለበት ምሽት ዘገምተኛውን ምረጡ። መብረቅ ባለበት ምሽት ግን ተቃራኒው ነው። ዘገምተኛ ኤጂሲ አንድ «ጧ» በመጣ ቁጥር ሬዲዮውን ለሴኮንድ፣ ለሁለት ሴኮንድ አፍኖ ይይዘዋል፣ በዚያ መካከል ሦስት ቃል ያመልጣችኋል። ሐምሌ ላይ ፈጣኑን ወይም መካከለኛውን ይዛችሁ አርኤፍ ጌይኑን ዝቅ አድርጉ። ሁለቱ አብረው ነው የሚሠሩት።

5. ፊልተሩን አታጥብቡ፣ ልክ አድርጉ

ፊልተር ሬዲዮው ምን ያህል ስፋት ያለው ድምፅ እንደሚያሳልፍ የሚወስን ክፍል ነው፤ የንግግሩ በአብዛኛው 2.4 ኪሎኸርዝ ነው። ጠበብ ስታደርጉት ጫጫታው ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ግን ከ2.4 ወደ 1.8 መጥበብ የሚቀንሰው አንድ ዲቢ ከምናምን ብቻ ሲሆን ድምፁ ደግሞ እንስራ ውስጥ ሆኖ እንደሚያወራ ሰው ይሆናል። አእምሮ የጎደለውን ፊደል ለመሙላት ሲሠራ ይውላል፣ ያም ድካም ነው። እኔ 1.8ን የምጠቀመው ሌላ ጣቢያ ጎን ለጎን ሲጫን ብቻ ነው። ጫጫታው ለስላሳ ከሆነማ 2.7 ድረስ ከፍቼ የሰውየውን ድምፅ በተፈጥሮው እሰማለሁ። የሽሽታው ጫፍ ስለታም ከሆነባችሁ ፊልተሩን ከማጥበብ ይልቅ የቶን ቁልፉን ትንሽ ወደ ወፍራም አድርጉ። ዝዝዝታ ካለ ደግሞ የታችኛውን ጠርዝ ወደ 300 ኸርዝ አንሱ። አይጠፋም፣ ጡንቻው ግን ይቀንሳል።

በአጭርና በረጅም ጩኸት በሚላከው በሞርስ ግን ጥቅሙ ትልቅ ነው። ከ2.4 ኪሎኸርዝ ወደ 500 ኸርዝ ስትወርዱ 7 ዲቢ ያህል ጫጫታ ይቀራል፣ ይህ በሜትሩ ከአንድ ኤስ በላይ ነው። ከ200 በታች ስትሄዱ ጫጫታው ራሱ ማፏጨት ይጀምራል፤ ለስላሳው ሽሽታ ወደ ቃና ይለወጥና ከምልክቱ ጋር ይቀላቀላል። ዝናቡን ወደ ጠብታ ለወጣችሁት ማለት ነው። 400 ወይም 500 ላይ ቆዩ፣ የሞርሱን ቃናም ከ700 ወደ 500 ኸርዝ ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ። ለኔ ጆሮ በጣም ይቀላል።

ኖይዝ ብላንከር፣ ማለትም አጫጭር የጫጫታ ምቶችን ቆርጦ የሚጥለው ቁልፍ፣ ለባጃጅ ትትትታና ለዝዝዝታ ይሠራል፣ ለመብረቅና ለሽሽታ አይሠራም። አጠገብ ጠንካራ ጣቢያ ካለ ድምፁን ያበላሻል፣ ያኔ አጥፉት። ዲጂታሉን የጫጫታ ቅነሳ ከመጠን በላይ ከከፈታችሁት ሰው ውኃ ውስጥ ሆኖ እንደሚያወራ ይሆናል። ሩብ ያህል ይበቃል።

6. አንቴናውን ከቤት አርቁ

የ7.1 ሜጋኸርዝ ዳይፖል፣ ማለትም ባለ ሁለት ክንድ የሽቦ አንቴና፣ ጠቅላላ ርዝመቱ 20 ሜትር ነው፣ በየጎኑ 10። ሽቦ፣ ሁለት የባሕር ዛፍ አጠና፣ ጫፉን ለማሰር ከቢጫ ጀሪካን የተቆረጠ ፕላስቲክ፣ ሌላ ምንም አይፈልግም። አግድም የተዘረጋ ሽቦ ከቆመ ዘንግ ይልቅ የሰፈር ጫጫታ የመሰብሰብ ልማዱ ያነሰ ነው። ከቤቱና ከመብራት ገመድ በቻላችሁት መጠን አርቁት፤ አጠናው ቢወድቅ እንኳ የመብራት ሽቦ ላይ በማይደርስበት ቦታ ይተከል። ከአንቴናው ተነስቶ ቤቱ ጋ የሚደርሰውን ኮአክሲያል ገመድም በፌራይት ላይ ጠምጥሙት፣ የቤቱ ጫጫታ በገመዱ ልጣጭ ላይ ተሳፍሮ እንዳይወጣ።

ግቢ የሌለው ሰው 1 ሜትር ስፋት ያለው የሽቦ ቀለበት ይሥራ። ቀለበቱን ቀስ ብላችሁ በእጅ ስታዞሩት አንድ ቦታ ላይ ዝዝዝታው ድንገት ይወድቃል። ቦታው ጠባብ ነውና አትቸኩሉ። ከሩቅ የሚመጡት ጣቢያዎች ከሰማይ ስለሚወርዱ ብዙም አይነካቸውም። አባቴ የዜና ሬዲዮውን ይዞ ደጅ ወጥቶ፣ ግራ ቀኝ እያዞረ፣ «እዚህ ጋ ጠራ» የሚለው ለካ ይህንኑ ነበር።

ክረምት ላይ ደመና ሲጠቁር አንቴናው ከሬዲዮው ተነቅሎ ገመዱ ከቤት ውጭ ይደር። የኛ ደጋ ላይ መብረቅ ቀልድ የለውም።

7. ክፍሉንም አስቡበት

ቆርቆሮ ጣራና ባዶ ግድግዳ ሽሽታውን ያንጸባርቁታል፣ ስለታም ያደርጉታል። ድምፅ ማጉያው ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ ባና ሰቀልኩ፣ የመንዝ ወፍራሙን። ሽሽታው ወዲያው ለሰለሰ። ማዳመጫ የምትገጥሙ ከሆነ ድምፁን መብረቅ ቢመጣ ጆሮ በማያምበት ልክ አድርጉ፣ በየአርባ ደቂቃው አውልቁ።

በመጨረሻ ሬዲዮ የማይወድ ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡ። እኔ ዘንድ እናቴ ናት። ማታ ሱፍ እየፈተለች ትቀመጣለች። ድሮ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ «ኧረ ይህን ነገር ዝጋው፣ ራሴን ነዘረኝ» ትል ነበር። አሁን ሁለት ሰዓት ሙሉ እንዝርቷን እያሾረች ትቆያለች፣ አንዳንዴም ቀና ብላ «ይሄኛው ደግሞ ከየት ነው?» ትለኛለች።